ሣሩን ያቃጠለው ሰው

ኦሪን ኬሰል ማዳበሪያ የሚበትንበት ቀን በሃልሲ ጎዳና እንደ በዓል ይቆጠር ነበር። በግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ጤዛው ከሣሩ ላይ እንደ ደረቀ፣ ባለ ሁለት ጎማዋን መበተኛ ጋሪ ከጋራዡ እየገፋ ያወጣል። ቋቷን በማዳበሪያ ይሞላል። ምን ያህል ፍሬ እንደምታፈስ የሚወስነውን ቁጥር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያስተካክላል። ከዚያ መራመድ ይጀምራል፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ ግራና ቀኝ አያይ። አረማመዱን ላየ ሰው ከፊቱ ታቦት የሚሄድ ነው የሚመስለው። ከቋቷ ሥር የምትሽከረከረው ሳህን ፍሬውን ወዲያና ወዲህ ትረጫለች። የግቢው ጫፍ ሲደርስ እግሩ ከመቆሙ በፊት እጀታው ላይ ያለውን የፍሬ መክፈቻ ማንሻ ይዘጋል፤ ዞሮ መራመድ ከጀመረ በኋላ መልሶ ይከፍታል። ግማሹን ማዳበሪያ ከቤቱ ወደ መንገዱ በቁመት ይበትናል፤ ግማሹን ደግሞ በአግድም፣ ከጎረቤቱ ወሰን እስከ ወዲያኛው ወሰን።

"ቆመህ ከከፈትከው ያን ቦታ አቃጠልከው ማለት ነው" ይላል ላጋጠመው ሁሉ። "ዘለህ ካለፍከው ደግሞ አስራብከው። ሣር እንደ ልጅ ነው፤ ለአንዱ አብልቶ ለሌላው መንሳት አይቻልም።"

ይህን ትምህርት ከሁሉ አብልጦ የሰማው ጎረቤቱ ዌንደል ስታውፈር ነው። ዌንደልና ኦሪን ኦሃዮ ውስጥ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ የመስታወት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተው፣ ጡረታ የወጡትም በአንድ ወር ነው። ዌንደል ቤቱን በገዛ በመጀመሪያው ዓመት ጋሪዋን ተውሶ ራሱ ሊበትን ሞክሮ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግቢው አንዱ መስመር ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ መስመር ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ኦሪን ወጥቶ አየና ጉልበቱን ይዞ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ።

"አንተ ሰው፣ የሜዳ አህያ ልታረባ ነው እንዴ?"

"ዝናቡ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?" አለ ዌንደል።

"ዝናቡ! ዝናቡ መስመር እየዘለለ ይዘንባል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪዋን በዌንደል እጅ አላስነካም። በየዓመቱ የራሱን ግቢ ሲጨርስ ምንም ሳይል የዌንደልንም ይቀጥላል። ዌንደልም በረንዳው ላይ የሸራ ወንበር ዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ ቢራ በእጁ ይዞ፣ "እዚያ ጋ አንድ ፍሬ አመለጠችህ" እያለ ያበሽቀዋል። ወዳጅነታቸው እንዲህ ነበር፤ ከመተራረብ በቀር ሌላ የፍቅር ቋንቋ አልነበራቸውም።

ከስድስት ዓመት በፊት የዌንደል ሚስት ፐርል በካንሰር ስትሞት፣ ዌንደል የበጋውን ወራት በሙሉ ከቤት አልወጣም። ያን ጊዜ ሣሩን ያጨደው፣ ያጠጣው፣ ጠርዝ ጠርዙን የከረከመው ኦሪን ነው። አንድም ቀን በሩን አንኳኩቶ "አይዞህ" አላለውም። ዌንደል ግን መጋረጃው ጀርባ ቆሞ የማጨጃውን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ያን ድምፅ እየጠበቀ ነው ያን ጊዜ ያሳለፈው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ከፐርል በኋላ በዓለም ላይ የቀረው ሰው ኦሪን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኦሪን በሽታ መቼ እንደ ጀመረ ማንም ቀኑን ቆርጦ ሊናገር አይችልም። የመኪና ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። የልጁን ስም ሊጠራ ፈልጎ የእናቱን ስም ጠራ። በጥር ወር ሚስማር ልግዛ ብሎ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረና፣ ሠላሳ ማይል ርቆ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የቤቱን መንገድ ሲጠይቅ አገኙት። ሚስቱ ዶቲ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በግልጽ ነገራቸው፤ መዳኛም እንደሌለው ነገራቸው። ኦሪን አለቀሰ። መኪና ውስጥ ገብተው ጥቂት እንደ ሄዱ፣

"ዶክተሩ ምን አለ?" ብሎ ጠየቃት።

ዶቲ ነገረችው። እንደገና አለቀሰ፤ ገና አሁን እንደ ሰማ ሰው። ማታ በእራት ላይ ጠየቀ፤ ነገረችው፤ አለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት ጠየቀ። በአምስተኛው ጊዜ ዶቲ ሹካዋን አስቀምጣ፣

"ደም ግፊትህ ትንሽ ከፍ ብሏል ነው ያለው" አለችው።

"እሱ ብቻ ነው?" አለና ደስ ብሎት እንቁላሉን በላ።

ይህን ለዌንደል ስትነግረው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። "ባሌን መዋሸት ጀመርኩ፣ ዌንደል። ግን ሰው አንዱን መርዶ በቀን ስንት ጊዜ ይረዳል?"

"ልክ አደረግሽ" አላት።

ግንቦት መጣ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዶቲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኬክና የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ማገልገል ነበረባት። ልትሄድ ስትል የዌንደልን በር አንኳኳች።

"አደራ፣ ዓይንህን ጣል አድርግበት። ዛሬ ሊበትን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለሱ ሲያወራ ነው ያደረው።"

"ሂጂ፣ አታስቢ። ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ አየዋለሁ።"

አየውም። ኦሪን ጋሪዋን አወጣ፣ ቋቷን ሞላ፣ መነጽሩን ሰቀለ፣ ቁጥሩን አስተካከለ። ሲራመድ ሲያየው ዌንደል ደስ አለው። ቁልፍ የሚጠፋበት፣ ስም የሚጠፋበት ሰው ይህን አንድ ነገር ግን እግሩ አልረሳውም። ቁመቱን ጨረሰ፤ አግድሙን ጨረሰ። ጋሪዋን መለሰ። ባዶውን ከረጢት በሥርዓት አጥፎ ሌሎቹ ያልተከፈቱ ከረጢቶች ሥር አስቀመጠ። ዌንደል ልቡ ረክቶ ወደ ሳሎን ገባና በቴሌቪዥን የቤዝቦል ጨዋታ ማየት ጀመረ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ ሊጠጣ ወደ ኩሽና ሲመለስ፣ ኦሪን ጋሪዋን እየገፋ ከቤቱ ወደ መንገዱ በቁመት ይራመድ ነበር። ዌንደል ብርጭቆውን እንደ ያዘ ወጣ።

"ኦሪን፣ አልጨረስክም እንዴ?"

"ምን እጨርሳለሁ፣ ገና አሁን መጀመሬ!" አለ ኦሪን። ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ ዓይኑ እንደ ጎረምሳ ዓይን ያበራ ነበር። "ምነው፣ አንተ ዛሬ ወንበርህን አላወጣህም?"

ዌንደል ያን ጊዜ ነገሩ ገባው፤ ኦሪን ጠዋት መበተኑን ረስቶታል። "አንዴ በትነሃል እኮ፣ ጠዋት አይቼሃለሁ" ማለት ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ቃል ካለ ይህ የሚያበራ ፊት ምን እንደሚሆን በዓይነ ልቡናው ታየው። ሁለቴ ቢበተንስ ምን ይሆናል፤ ትንሽ ቢጠነክርበት ነው፤ ማታ ጥሩ አድርጌ ውሃ አጠጣለታለሁ ብሎ ለራሱ ነገረ።

"በርታ" አለውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዘጠኝ ዙር ማለቅ የነበረበት ጨዋታ አሥራ አራተኛ ዙር ድረስ ተጓተተ። ዌንደልንም ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ የዶቲ መኪና ቆማለች፣ ጋራዡ ተዘግቷል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ውሃውን ረሳው።

ያን ሳምንት ዝናብ አልነበረም፤ ሙቀቱም ያለ ወሩ የመጣ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ዌንደል ጋዜጣውን ሊያነሣ ሲወጣ ኦሪን በካልሲ ብቻ ሣሩ መሐል ቆሟል። ሣር አይባልም እንጂ። ከበረንዳው ሥር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ያለው በሙሉ የደረቀ ጭድ መስሎ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ተጠበሰ ቡናማ ሆኖ ነበር። የወዲያኛው ጎረቤትና ውሻውን የሚያንሸራሽር አንድ ሰውዬ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ያያሉ።

"መርዝ ነው" ይላል ኦሪን። "መርዝ አፍስሰውበታል። ማን ነው እንዲህ የሚጠላኝ?"

ዶቲ የቤት ልብሷን እንደ ለበሰች ከጋራዡ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዌንደል አጠገብ ስትደርስ በሹክሹክታ፣ "አምስቱም ከረጢት ባዶ ነው" አለችው። "የዓመቱን በሙሉ። አጣጥፎ ነው ያስቀመጠው። አምስቱንም በአንድ ቀን..." መጨረስ አቃታት።

ዌንደል ሁለት ጊዜ መስሎት ነበር። አምስት!

ኦሪን ጎንበስ አለና ከደረቀው ሣር አንድ እፍኝ ነጨ። ከሥሩ ተጠግታ ያለች ነጭ ፍሬ አንሥቶ በጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። አሸተታት። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ጠፍቶ ሌላ ነገር መጥቷል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር የነካው ሰው ፊት።

"ዶቲ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔ ነኝ እንዴ?"

ዶቲ ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

"ዶቲ፣ ምን ሆኛለሁ? እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት?"

"እኔ ነኝ" አለ ዌንደል።

ሁለቱም ዞረው አዩት።

"እኔ ነኝ፣ ኦሪን። ቅዳሜ አንተ ተኝተህ ነበር። ላሳርፍህ ብዬ ጋሪህን ከጋራዥ አወጣሁ። ቁጥሩን አላየሁትም፤ ጥግ ድረስ ተከፍቶ ኖሯል። የሚወርድም አልመሰለኝም ነበር፣ መላልሼ... በቃ፣ ያለውን ሁሉ ደፋሁት።"

ኦሪን ትክ ብሎ አየው። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ዕረፍት ነው፤ ዌንደል ይህን በዓይኑ አይቷል፣ እስኪሞትም አይረሳውም። ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹ ተመለሰ። ከዚያ ቀስ እያለ ንዴቱ መጣ።

"አንተ?"

"አዎ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያየህ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየነገርኩህ?"

"አጠፋሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ውጣ" አለ ኦሪን። "ከግቢዬ ውጣ። ዳግመኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶቲ በጓሮ በር መጣች። ኩሽናው ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች።

"ለምን እንዲህ አደረግክ? ማን ጠየቀህ?"

"ሌላ ምን ልበል? እሱ ነው ልበል?"

"ጓደኛህ እኮ ነው! ካንተ ሌላ ማን አለው?"

"ነገ ይረሳዋል፣ ዶቲ" አለ ዌንደል። "ሁሉን ይረሳ የለም እንዴ? ነገ ጠዋት ደህና አደርክ ይለኛል።"

ሁለቱም ይህን አምነው ተለያዩ። ኦሪን ግን አልረሳውም። የቁርሱን ይረሳል፣ የቀኑን ስም ይረሳል፣ ልጁ ደውላ ስልኩን ሳይዘጋ ማን እንደ ደወለ ይረሳል። ይህ አንዱ ነገር ግን እንደ ሚስማር ተመትቶ ገባና እዚያው ቀረ።

ዌንደል ሣሩን የማዳኑን ሥራ በራሱ ላይ ወሰደ። በየማለዳው የውሃውን ጎማ ይዞ ማዳበሪያው ወደ ታች እስኪታጠብ ድረስ መሬቱን ያርሳል። የሞተውን ሣር እየቧጠጠ ያወጣል። ኦሪን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰድበዋል።

"አቃጥለኸው አልበቃህም፣ አሁን ደግሞ ልታሰጥመው ነው?"

"ጥፋቴን ላስተካክል ብዬ ነው፣ ኦሪን። ይቅር በለኝ።"

"ሣር ገዳይ! ቀንተህ ነው ያደረግኸው። አውቅሃለሁ፤ ዱሮም ትቀና ነበር።"

ዌንደል ያን የበጋ ወራት ይቅርታ የጠየቀበትን ጊዜ ቁጥር አያውቀውም። ጎረቤቶቹ ከመኪናቸው ሲወርዱ ሰላምታ መስጠት ቀነሱ። ኦሪን ኢንዲያና ለሚኖረው ወንድሙ ለሜርል በየእሑዱ በስልክ፣ "ዌንደል ሣሬን ሆን ብሎ ገደለብኝ" ይለዋል፤ ሜርልም ከዚያኛው ጫፍ በንዴት ሲጮህ ዶቲ ትሰማለች። አንድ ቀን ዌንደል ደረቱ ድረስ ላብ ሆኖ ሲቧጥጥ፣ ኦሪን ከበረንዳው ተጣራ።

"ስማ! ፐርል እንዴት ናት?"

ዌንደል መቧጠጫውን ተደግፎ ቆመ። "ደህና ናት" አለ በመጨረሻ።

"ሰላም በልልኝ። እሷ ደግ ሴት ናት፤ አንተን ምን ብላ እንዳገባችህ እንጃ። ካንተ ጋር ግን አልነጋገርም።"

በነሐሴ መጨረሻ ዶቲ አልቻለችም። "እነግረዋለሁ" አለች። "እውነቱን እነግረዋለሁ፤ አንተን እንዲህ ሲያደርግህ እያየሁ መኖር አልችልም።"

"ብትነግሪው ምን ይሆናል? ይሰማል፣ ያለቅሳል። ከዚያ ይረሳዋል። ከዚያ ደግሞ እኔን መስደቡን ይቀጥላል። ለቅሶው ብቻ ነው የሚተርፈው።"

ዶቲ የውሃውን ጎማ አንሥታ ለዌንደል አቀበለችው።

መስከረም ላይ መሬቱ ተዘጋጀ። ዌንደል የሣር ዘር አመጣ፤ ዶቲም ጋሪዋን ከጋራዥ አወጣችለት። ኦሪን በዚያን ሰሞን እየከፋበት ሄዶ፣ በረንዳው ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥባቸው ቀኖች በዝተው ነበር። ዌንደል ዘሩን ሞልቶ ማንሻውን ከፈተና መግፋት ጀመረ።

"ኧረ ቁም! ቁም!"

ኦሪን ደረጃውን እየወረደ ነበር። ዌንደል ስድቡን ሊቀበል ተዘጋጅቶ አንገቱን ደፋ።

"እንዲህ ተብሎ ይበተናል? መጀመሪያ ተራመድ፣ ከዚያ ክፈት! ማን ነው ያስተማረህ?"

"አንድ ሰው አስተምሮኝ ነበር" አለ ዌንደል። "በደንብ አልያዝኩትም።"

"አስተማሪህ ሰነፍ ነበራ።"

"የለም፣ ተማሪው ነው ሰነፉ።"

ኦሪን ሳቀ። ከግንቦት ወዲህ ዌንደል ይህን ሳቅ አልሰማም። ኦሪን እጀታውን ተቀበለውና መራመድ ጀመረ፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ። ዌንደል ከጎኑ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማንሻውን ለመዝጋት እጁን አቅርቦ ይከተላል። አንድ ጊዜም እጁ አላስፈለገም። ቁመቱን ጨረሱ፣ አግድሙን ጨረሱ። "እዚህ ጋ መሬቱ ዘቅዘቅ ስላለ ቀስ በል"፣ "ከእግረኛው መንገድ ላይ እንዳይፈስ ጠርዙን ጠብቅ" እያለ ኦሪን ይነግረዋል፤ ዌንደልም "እሺ፣ እሺ" ይላል። ዶቲ መስኮት ላይ ቆማ ታያለች። ዌንደል፣ እንግዲህ ይቅር ተባልኩ ብሎ አሰበ፤ በመጨረሻ ይህም ተረሳ፣ ተመስገን።

ቋቷ ባዶ ስትሆን መንገዱ ዳር ቆመው አረፉ። ኦሪን ላቡን ጠረገ።

"ደህና ሰው ትመስላለህ" አለ። "እዚሁ ሰፈር ነህ?"

ዌንደል መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። "አዎ" አለ። "እዚሁ ነኝ።"

"እንግዲያው ያንን ሰውዬ ተጠንቀቀው።" ኦሪን በጣቱ የዌንደልን ቤት አመለከተ። "ዌንደል ይባላል።"

"ጠላትህ ነው?"

"ጠላቴ? ጓደኛዬ ነው እንጂ! ማለት... ነበር። ወንድም አለኝ፣ ሜርል የሚባል። እውነቱን ልንገርህና ከሜርል አስበልጬ ነው እሱን የምወደው። ለሰው ግን እንዳትናገር፣ ሜርል ይከፋዋል።"

"ታዲያ ምን ተፈጠረ?"

"ሣሬን አቃጠለው።" ኦሪን ራሱን ነቀነቀ። "ሣሩ አይደለም እኮ የቆረቆረኝ። ሣር ይበቅላል። ግን ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ፣ አንድ ቀን እንኳን መጥቶ 'ኦሪን፣ አጠፋሁ' አላለኝም። ቤቱ ይኸ ነው፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልመጣም።"

"ቢመጣስ?"

"ቢመጣማ ምን እለዋለሁ? ቁጭ በል እለዋለሁ።"

ዌንደል የጋሪዋን እጀታ ጨብጦ ያዘ።

"ኦሪን፣ እኔ ነኝ። እየኝ። ዌንደል ነኝ። አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ።"

ኦሪን ቀረብ ብሎ ፊቱን አየው። ደህና አድርጎ፣ በትዕግሥት፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ አየው። ከዚያ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

"አይ ወዳጄ" አለው በርኅራኄ። "ዌንደልማ ጸጉሩ ቀይ ነው።"

የዌንደል ጸጉር ከነጣ አሥራ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

"ግን ደግ ሰው ነህ" አለ ኦሪን። "ልታስታርቀን ብለህ ነው። እግዜር ይስጥህ።" ብሎ ደረጃውን ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዘሩ በሁለት ሳምንት በቀለ። ጥቅምት ሲያልቅ ግቢው ዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አረንጓዴ ሆነ፤ አንድ መስመር እንኳ የሳሳ አልነበረም። ኦሪን ግን አላየውም። በጥቅምት አጋማሽ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቶ ስለ ጠፋ፣ ዶቲና ልጅዋ እያለቀሱ የአረጋውያን መጦሪያ አስገቡት። ዌንደል በየማክሰኞው ይጎበኘዋል። ስሙን አይናገርም። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ኦሪንም አንዳንዴ ዌንደል ስለሚባል ጓደኛው ይነግረዋል፣ ሣሩን ስላቃጠለበት፣ መጥቶ ይቅርታ ስላልጠየቀው። ዌንደል ይሰማል። ከገና በኋላ ይህንንም ተወው። ስለ ዌንደል አንድ ቃል ሳይናገር ማክሰኞዎቹ ማለፍ ጀመሩ። ዌንደል መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ይቀመጣል። ስድቡ እንኳ ናፈቀው።

ኦሪን በየካቲት በሳንባ ምች ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለምሳ ተሰበሰበ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ የካም ሥጋ፣ በአይብ የተጋገረ ድንችና ሰላጣ ተደርድሯል። ዌንደል ወደ ሜርል ሄዶ እጁን ዘረጋ። ሜርል ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዘራ ይዟል። የተዘረጋውን እጅ አይቶ ፊቱን አዞረ።

"ወንድሜ ባንተ ተቃጥሎ ነው የሞተው" አለ፣ ሰው እስኪሰማ። "ምን ፊት ይዘህ ነው እዚህ የመጣኸው?"

ዌንደል እጁን መለሰ። "ልክ ነህ" ብሎ ኮቱን ሊያነሣ ዞረ።

"ቁም፣ ዌንደል" አለች ዶቲ።

ጥቁር ልብሷን ለብሳ ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ዶቲ በሰው ፊት ንግግር የምታደርግ ሴት አይደለችም፤ ኬክ ሲሸጥ እንኳ ዋጋ የሚናገርላት ሌላ ሰው ነው። አሁን ግን ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ደግፋ ተናገረች።

"ሣሩን ያቃጠለው ኦሪን ራሱ ነው። አምስት ከረጢት፣ በአንድ ቀን፣ እየረሳ እየደጋገመ። ሊያውቅ ሲል፣ ፊቱ ላይ ሊመጣ ሲል፣ ዌንደል 'እኔ ነኝ' አለ። ባሌ ራሱን እንዳይፈራ ብሎ። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ።" ወደ ዌንደል ዞረች። "ይቅር በለኝ።"

ሹካውን በአየር ላይ የያዘ እንደ ያዘ ቀረ።

"እኔም አይቼው ነበር" አለ ዌንደል። "ሁለተኛውን ጊዜ አይቼው ነበር፣ ዶቲ። 'በርታ' ነው ያልኩት። አደራ ብለሽኝ..." ለማንም ያልነገረው ነገር ይህ ነበር። ዶቲ ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ በእሺታ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

ሜርል ከዘራውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ተነሣ። ሄዶ ዌንደል ፊት ቆመ።

"ለምን አትነግረኝም ነበር? ለኔ እንኳ ለምን አትነግረኝም ነበር?"

"ለሱ ትነግረው ነበራ።"

"እነግረው ነበር" አለ ሜርል። "አዎ፣ እነግረው ነበር።" ከዚያ እጁን ዘረጋ።

ዌንደል እጁን ጨበጠ። የሜርል መዳፍ ሰፊ፣ ጣቶቹ አጫጭር፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ የተቆለመመ፤ ቁርጥ የኦሪን እጅ ነበር። ሊለቀው ፈለገ፤ አልቻለም። ሜርልም አልሳበውም። ሰዉ ወደ ምሳው ተመለሰ፣ ሳህን መንኳኳት ጀመረ፣ ዶቲ የሁለቱን ኮት ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቆመች፤ እነሱ ግን እንደ ተያያዙ ነበሩ።